ግቡ መቀንጨር ይላል፣ ቅጹስ?

«ቢዝነስ አርክቴክቸር የባንኮች ጉዳይ አይደለም እንዴ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እስቲ ሰቆጣ ደርሰን እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ግቡ አጭር ነው፦ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 ማስቀረት። ሥራው ግን በጤና፣ በግብርና፣ በውሃ፣ በትምህርት መሥሪያ ቤቶች እጅ ተበታትኗል። የሚያስተባብር የፕሮግራም ማስፈጸሚያ ክፍል መቋቋሙ፣ ወረዳዎችም ወጪው የተሰላ የጋራ ዕቅድ ማውጣታቸው፣ በዚህ ስም ባይጠራም፣ ቢዝነስ አርክቴክቸር ነው፦ ግብን ከሚያስፈጽሙት ክፍሎች፣ ሥራዎችና መረጃዎች ጋር ማያያዝ።

በግቡና በሚለካው መካከል ያለው ክፍተት ግን የሚደበቀው ታች ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይዛው ዳገት የምትወጣው ባለቀለም ጥብጣብ የክንድ ዙሪያ ይለካል፤ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው። እሱ የሚነግረን ስለ መክሳት ነው። መቀንጨር ግን ቁመት ለዕድሜ ነው፦ ሕፃኑን ሰሌዳ ላይ አስተኝቶ መለካት፣ የተወለደበትንም ቀን ማወቅ ይጠይቃል። እናት «ለማርያም ነው የወለድኩት» ካለች የትኛዋ ማርያም? የግንቦት ልደታ ወይስ የኅዳር ጽዮን? ዕድሜው በሁለት ወር አንሶ ከተመዘገበ የቀነጨረው ልጅ ደህና ሊመስል ይችላል። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ? የሰጡትን ያሰላል።

ስለዚህ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ከግቡ ተነስታችሁ እስከ ቅጹ ውረዱ። «ዕድሜ» የሚል ክፍት ቦታ ካገኛችሁ ሰርዙና «የልደት ቀን» በሉት፤ ከጎኑም የየወሩን በዓላት ደርድሩ።