ቴሌስኮፕና የእጅ መቆጣጠሪያው

ዛሬ በኮምፒውተር የሚታገዝ ቴሌስኮፕ የፈለግነውን ኮከብ እንዴት እንደሚያገኝ እንመለከታለን፣ ኢንሻአላህ።

ቴሌስኮፑ የቴሌቪዥን ሪሞት የሚመስል የእጅ መቆጣጠሪያ አለው። መቆጣጠሪያው የነገሩትን ይዞ ያሰላል እንጂ በራሱ ሰማይን አያይም። ስለዚህ በመጀመሪያ ቦታን፣ ቀንንና ሰዓትን ይጠይቃል። በአገራችን ስህተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሞላል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓትም 20 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። ምድር በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር የ6 ሰዓት ስህተት 90 ዲግሪ፣ ማለትም ከአድማስ እስከ አናት ያለውን ያህል ያስታል።

ቀጥሎ ሁለት ደማቅ ኮከቦችን በየተራ በዓይን መመልከቻው መሐል አድርጎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዝርዝሩ ውስጥ አልደባራንና አልታይር የሚሉ ስሞችን ታገኛላችሁ፤ መነሻቸው ዐረብኛ ነው። ከዚህ በኋላ ስም ስትመርጡ ሞተሩ ራሱ ዞሮ ወደዚያ ያቀናል።

በመሣሪያው ሂላልን የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች ግን አደራ! ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ወደ ምዕራብ አታዙሩት። ሲዞር ፀሐይን ካገኘ የሚመለከተውን ሰው ዓይን በቅጽበት ሊያጠፋ ይችላል። መሣሪያው ትእዛዝ ይፈጽማል፤ የልጆቻችንን ዓይን መጠበቅ ግን የእኛ አማና ነው።