የሚያፈስ ጣሪያ፣ የሚሟሟ ቁጠባ

ግንቦት ሲጋመስ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ባሉት መንደሮች የመዶሻ ድምፅ ይበዛል። ቆርቆሮ የሚገለብጥ፣ ሚስማር የሚደግም፣ የተቦረቦረ ግድግዳ በጭቃ የሚመርግ ሰው በየሠፈሩ አይታጣም። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ክረምት ላይ ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የእንጦጦ ተራራ የሚወርደው ጎርፍም ቀድሞ ከሚያገኛቸው መካከል ከሥሩ የተደረደሩት የየካ ክፍለ ከተማ መንደሮች ይገኙበታል። ስለዚህ ቤቱን ያልጠገነ ሰው ሐምሌን በባልዲና በሳፋ መካከል ያሳልፋል።

ችግሩ እነዚሁ ወራት ለመስከረም የሚታሰብባቸውም መሆናቸው ነው። የልጆች መመዝገቢያ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ የዓመት በዓል ወጪ፣ ያልተቋረጠ የዕቁብ መዋጮ ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። በዚህ ላይ ከዓመት ዓመት የሚተላለፍ የጥርስ ሕመም፣ ያልታየ የደም ግፊት፣ ያላረፈ ወገብ አለ። ገቢው ትንሽ የሆነ ቤተሰብ ለየትኛው ቅድሚያ ይስጥ? ለቤቱ፣ ለቁጠባው ወይስ ለገዛ አካሉ?

ለዚህ ጥያቄ በራዲዮም በስልጠናም የሚሰጠው መልስ ምክር ነው፤ ወጪህን መዝግብ፣ ከገቢህ ላይ ቆጥብ፣ አላስፈላጊውን ቀንስ። ምክሩ ክፋት የለውም፤ የሚመለከተው ግን የቤተሰቡን ኪስ ብቻ ነው። የካ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ለጣሪያው ገንዘብ ማውጣቱ ብልህነት ይሁን ሞኝነት የሚወሰነው በአብዛኛው ቤቱ የማን ነው በሚለው ነው። ይህን ለመረዳት ወደ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት አደረገ፤ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ መያዝንም ከለከለ። ትርፍ የተባሉት ቤቶች ተወረሱ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች፣ ማለትም የድሃው ሕዝብ መኖሪያዎች፣ ኋላ ቀበሌ ለተባሉት የነዋሪዎች ማኅበራት ሲሰጡ ከዚያ በላይ የሚከራዩት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ዋሉ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም እንዲቀንስ ተደረገ። ኪራይ እንቅልፍ ይነሳው ለነበረ ሰው ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ዛሬም ብዙ አረጋውያን ውለታውን ያነሱታል።

ነገር ግን ኪራዩ ሲወርድ የጥገናው ገንዘብም አብሮ ወረደ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን ለመኖሪያ በሚመች ሁኔታ ጠብቆ የማቆየቱን ኃላፊነት በአከራዩ ላይ ይጥላል፤ ለተከራዩ የሚተውለት ጥቃቅኑን ጥገና ነው። ይሁን እንጂ አከራዩ ቀበሌ በሆነ ጊዜ፣ በወር ጥቂት ብር ከሚከፈልበት ቤት ላይ በምን ገንዘብ ጣሪያ ይቀየራል? በአሥርት ዓመታት ውስጥ ሁሉም ነገር ዋጋው ሲንር የቀበሌ ቤት ኪራይ ግን ባለበት ቆመ። ቀበሌዎች ተዋሕደው ወረዳ ሆኑ፤ ጣሪያው ግን ያው ጣሪያ ነው። ተከራዩ ርካሽ ኪራይ አገኘ፤ ከርካሹ ኪራይ ጋር ደግሞ የማይጠገን ቤት ተሰጠው።

ተከራዩ ራሱ ሊጠግን ሲነሣ ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ከወረዳው ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱም ቢገኝ የቤቱን ስፋትና ቅርጽ መለወጥን አያካትትም። የጭቃውን ግድግዳ በብሎኬት ለመተካት ያሰበ ሰው ደንብ አስከባሪ እንዳይመጣበት ቅዳሜና እሁድን ወይም የበዓል ዋዜማን ይመርጣል። ሥራው በጥድፊያ ይሠራል፤ በጥድፊያ የተሠራ ሥራ ደግሞ ሁለት ክረምት አይሻገርም። በዚህ ላይ አካባቢው ለልማት ሲፈለግ ለተከራዩ የሚሰጠው ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል ነው፤ ለጣሪያው ያወጣው ገንዘብ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም። በ2011 የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 ለንብረት ካሣ የሚከፍለው ለባለይዞታው ነውና።

የካ ውስጥ ያለው የቀበሌ ቤት ብቻ አይደለም። ካርታ ያለው ባለይዞታ አለ፤ ለእሱ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ለልጁ የሚተርፍ ሀብት ስለሆነ መጠገኑ አያጠያይቅም። ወደ ካራና ወደ ተራራው ጥግ ሲወጣ ደግሞ በሌሊት ስለሚሠሩ የጨረቃ ቤት የሚባሉት አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በ1988 እና በ1997 በተነሡት የአየር ካርታዎች ላይ በመታየታቸው ሕጋዊ የመሆን በር ተከፍቶላቸዋል፤ ቀሪዎቹ ግን ነገ ይፈርስ ይሆን በሚል ሥጋት ይኖራሉ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የሲሚንቶ ወለል ከማስደረግ ይልቅ ብሩን መያዙ ስንፍና አይደለም፤ የአደጋ ስሌት ነው።

የግለሰብ ቤት ተከራይም አለ። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ይህ ጥሩ ነው። ሆኖም ልስኑን በራሱ ገንዘብ ያሳደሰ ተከራይ በሚቀጥለው ውል የታደሰ ቤት ኪራይ የሚጠየቅበት አጋጣሚ ስላለ ብዙው ሰው ግድግዳውን በፖስተርና በመጋረጃ ሸፍኖ ይኖራል።

ስለ ቤቱ አሠራር ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ወጪው የሚወሰነው እዚያ ነውና። የአሮጌው የአዲስ አበባ መንደር ቤት ከባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ከማገርና በጭድ ከተቦካ ጭቃ የተሠራ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ከሸፈነ በኋላ የከተማዋ ማገዶም የቤቷ አጥንትም እሱ ሆነ። እንዲህ ያለ ቤት ጣሪያው ደኅና ሆኖ እግሩ ደረቅ ከሆነ ረጅም ዕድሜ አለው። የሚሞተው ከታች ነው። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ከግድግዳው ሥር ሲረጭ ቋሚው አፈር ውስጥ ባለው ጫፉ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይከተላል፤ ቤቱም ቀስ በቀስ ወደ ጎን ማዘንበል ይጀምራል።

ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ጥገና ከሁሉ ርካሹ ነው። አሸንዳ መጥረግ፣ ውሃው ከግድግዳው ርቆ የሚፈስበት ቦይ መቆፈር፣ የለቀቀ ሚስማር መድገም ከጉልበት በስተቀር ብዙ አይጠይቁም። ይህ ሳይደረግ ግድግዳ መቀባት ገንዘብን ጎርፍ ላይ መበተን ነው። በበዓል ዋዜማ ቀለም የሚቀባው ቤት አሸንዳ ከሚጠረግለት ቤት ይበዛል፤ እንግዳ የሚያየው ቀለሙን ነውና አይፈረድም። ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ደግሞ የጌጁ ቁጥር ከፍ ሲል ውፍረቱ እንደሚቀንስ ይወቅ፤ 35 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይረክሳል፤ ቀድሞ የሚቀደደውም እሱ ነው። ዐቅም ካነሰ ምናለሽ ተራ የሚሸጥ ያገለገለ ወፍራም ቆርቆሮ ከአዲስ ስስ ቆርቆሮ የሚሻልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ቁጠባው። ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የቁጠባ ወለድ ከ7 በመቶ እንዳያንስ ወሰነ። በ2014 ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 10,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር ያገኛል፤ በ10,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 13,000 ብር ገብቷል። ቆጣቢው 2,300 ብር ጎደለው ማለት ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ቀለሙም፣ የመብራት ገመዱም፣ የቆርቆሮው ጥሬ ዕቃም ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ለጥገና ብሎ ብር ያስቀመጠ ሰው በጣም ተጎዳ። በዚያው ወቅት በየጥቂት ወሩ ሁለት ሦስት ቆርቆሮ እየገዛ አልጋ ሥር ያከማቸው ጎረቤቱ ግን ሳያውቀው ጥሩ ቆጣቢ ሆኖ ተገኘ። ቤታችን ውስጥ ጥግ ላይ የቆመው ብሎኬትና የታሰረው ፌሮ ብዙ ጊዜ ዝርክርክነት ይመስለናል፤ ባንክ ነው።

ዕቁብም በዚሁ ዐይን መታየት አለበት። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ጥንካሬው ሰውን ማስገደዱ ነው። እንበልና 12 ሰዎች በወር 1,000 ብር ይጥላሉ፤ አንዱ ቆርቆሮ በመጀመሪያው ወር 600 ብር ነው። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት በ12,000 ብሩ 20 ቆርቆሮ ይገዛል። ዋጋው በዓመት 30 በመቶ ቢጨምር መጨረሻ የሚወስደው የሚገዛው 15 ብቻ ነው። ሁለቱም እኩል ጥለዋል። ስለዚህ ዕቁብተኞች ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣሪያው ለሚያፈስበት አባል ዕጣውን ቢሰጡት ደግነት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም የሚበጅ አሠራር ነው፤ ይህን የሚያውቁ የዕቁብ ዳኞችም አሉ፤ ዋስ ጠርተው ዕጣውን ያስቀድሙለታል።

በዚህ መካከል ትልቁን የከተማዋን የቁጠባ ተስፋ መዝለል አይቻልም። በ2005 ለ10/90፣ ለ20/80 እና ለ40/60 የኮንዶሚኒየም ቤቶች በተደረገው ምዝገባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መቆጠብ ጀመረ። ብዙዎቹ ከዐሥር ዓመት በኋላም የቤት ዕጣ አልደረሳቸውም። ገንዘቡ መያዙ አንድ ጉዳት ነው፤ ብዙ የማይወራለት ሁለተኛ ጉዳት ግን ጥበቃው ራሱ ነው። ‹‹ዘንድሮ ይወጣልናል›› እያለ የሚጠብቅ ቤተሰብ ለሚለቀው ቤት ሚስማር አይገዛም። ዕጣው ሳይወጣ ዓመታት ያልፋሉ፤ ቋሚው ይበሰብሳል።

ከሦስቱ ወጪዎች ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚገፋው ለራስ የሚወጣው ነው። በተለይ እናቶች ለራሳቸው የሚያወጡትን ብር እንደ ስርቆት ያዩታል። ከእንጦጦ ጫካ ወገባቸውን አጉብጠው እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩትን ሴቶች ያየ ሰው የከተማዋ ርካሽ ማገዶ በማን ጀርባ ላይ እንደተከፈለ ያውቃል። በጢስ የተሞላ ማድቤት፣ እርጥብ ግድግዳ፣ ክረምት ሲገባ የሚሞላ የጋራ መጸዳጃ የሳንባንና የአንጀትን በሽታ ይጠራሉ። ስለዚህ ለጢሱ መውጫ መክፈትና ጣሪያውን መድፈን የቤት ወጪ ብቻ ተብለው መመዝገብ የለባቸውም፤ ሕክምናም ናቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮም በዝርዝሩ ራስ ላይ መቀመጥ አለበት፤ አንድ ያልታሰበ ሕመም የዓመት ቁጠባን በሳምንት ይወስዳልና።

ከዚያ ውጭ ያለው ለራስ መድረስ በየካ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ከጎረቤት ጋር ተራ በተራ የሚፈላ ቡና፣ እሁድ ማለዳ ወደ እንጦጦ ዳገት የሚደረግ ጉዞ፣ ለአማኙ የኪዳነ ምሕረት ጸበል አለ። የአገሪቱ ስመ ጥር ሯጮች የሚሠለጥኑበት ተራራ ከቤታቸው ጀርባ የሆነላቸው ሰዎች ብዙ አይደሉም። የእንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ከተመረቀ ወዲህ ስለ ተራራው ውበት ብዙ ተወርቷል። ለኮረብታው ሥር ነዋሪ ግን ዋናው ጥቅሙ ዛሬም በእግር ሄዶ ንጹሕ አየር መተንፈሱ ነው።

በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ የሚደረገው የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ለብዙ አረጋውያን እውነተኛ ጣሪያ ሰጥቷል። ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን የተመረጡ ቤቶችን ማደስ በሺዎች የሚቆጠሩ ተከራዮች በራሳቸው ገንዘብ እንዲያድሱ መንገድ ከመክፈት ጋር አንድ አይደለም። ሁለተኛው የሚጠይቀው ቆርቆሮ ሳይሆን ውሳኔ ነው። የከተማው አስተዳደር የቀበሌ ቤት ተከራይ በፈቃድ ያወጣውን የጥገና ወጪ በደረሰኝ መዝግቦ ከኪራዩ ላይ ቢያቻችል፣ ቤቱ ለልማት ሲፈርስም ያልተቻቻለውን ቢከፍል፣ ተከራዩ ዛሬ በጨለማ የሚሠራውን በቀን ይሠራዋል። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ የሚቻቻል ነገር የለም የሚል ካለ፣ እንግዲያው ኪራዩም ከቤቱ ሁኔታና ከነዋሪው ዐቅም ጋር ተገናዝቦ ይስተካከል፤ የተጨመረው ግን ወደ ጣሪያው ይመለስ።

ይህ እስኪሆን ድረስ የቀበሌ ቤት የምትጠግኑ ሁሉ ፈቃዱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የቆርቆሮውንና የሲሚንቶውን ደረሰኝ ከኪራይ ደብተራችሁ ጋር አኑሩ፤ ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ አንሡ። ወረዳው ዛሬ ባይቀበለው እንኳ ነገ የካሣ ወይም የምትክ ቤት ጥያቄ ሲነሣ በእጃችሁ የሚኖረው ማስረጃ እሱ ብቻ ነው።