የትራክተር ሃይድሮሊክ ቫልቭ፦ አሠራሩና ሕመሙ

ትራክተር ማረሻውን ከመሬት የሚያነሣው፣ ተሳቢውን የሚገለብጠው፣ በሌሎች አገሮች ደግሞ ግንድ የሚፈልጠው በሞተሩ ጉልበት ቢሆንም፣ ያ ጉልበት ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚቆምና ምን ያህል እንዲበረታ የሚወስነው ከሹፌሩ ማንሻዎች ጋር የተያያዘ አንድ የብረት ሳጥን ነው። ይህ ሳጥን የሃይድሮሊክ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይባላል፤ የቤላሩስ ትራክተር የሩስያኛ መመሪያ ግን «አከፋፋይ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠራዋል፤ ሥራውን በትክክል የሚገልጸውም ይኸኛው ስም ነው።

«ሃይድሮሊክ» የሚለው ቃል ሥሩ ግሪክኛ ሲሆን ውኃንና ቱቦን የሚያመለክቱ ሁለት ቃላት የተጣመሩበት ነው፤ ዛሬ በቱቦው ውስጥ የሚሄደው ግን ዘይት ነው። መሠረቱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ያስተዋለው ሕግ ነው፤ ይኸውም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚተላለፍ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1795 በዚሁ ሕግ ለሚሠራ መጭመቂያ የፈጠራ መብት ያገኘ ሲሆን፣ ሃሪ ፈርጉሰን ከፎርድ ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ1939 ያወጣው ትራክተር ደግሞ ማረሻን በሃይድሮሊክ ማንሣትን በብዙ እርሻዎች አስለመደ። ጉልበቱ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ይታያል፦ ስፋቱ ዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፒስተን 78.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ ስላለው፣ 150 ባር ግፊት ሲያገኝ 12 ቶን ገደማ ይገፋል፤ ሹፌሩ ግን ለዚህ ሁሉ የሚያወጣው ጉልበት አንዲት ማንሻ በሁለት ጣት ከመግፋት አይበልጥም።

በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ በላስታ ደጋ ተከልሎ በተዘረጋው የራያ ቆቦ ሜዳ፣ በሮቢትና በአካባቢዋ፣ ይህ ጉልበት በዋናነት የሚውለው ለማሽላና ለጤፍ ማሳ እርሻ ነው። ከደጋው የሚወርዱት እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞች ለዘመናት ያነጠፉት ደለል፣ በተለይ የመረሬ ጥቁር አፈር ባለበት ቦታ፣ ሲርስ የሚጣበቅ ሲደርቅ እንደ ጡብ የሚጠነክር በመሆኑ፣ የዲስክ ማረሻ በዚህ መሬት ላይ ሲነሣና ሲወርድ ሃይድሮሊኩ ዕረፍት የለውም። በትራክተር ሃይድሮሊክ ሽብልቅን ወደ ግንድ እየገፋ የሚሰነጥቀው ማሽን ብርዱ በሚበረታባቸው አገሮች የተለመደ ሲሆን፣ በራያ ቆላ ግን የግራርና የቁርቁራ ጉማጅ የሚፈለጠው በመጥረቢያና በብረት ሽብልቅ ነው። ሆኖም ቫልቩ ያው ቫልቭ ስለሆነ፣ የግንድ መፍለጫውን ሕመም የሚያውቅ ሰው የገልባጩን ተሳቢ ሕመም አያጣውም።

የሳጥኑ ሆድ ሲከፈት በውስጡ ልክ ባለው ቀዳዳ የሚንሸራተት፣ እዚህም እዚያም ወገቡ የቀጠነ ዘንግ ይገኛል፤ ስሙ ስፑል ነው። በዘንጉና በቀዳዳው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ከ5 እስከ 25 ማይክሮን ብቻ ሲሆን፣ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይገባል። ስፑሉ መሐል ላይ ሲቆም ከፓምፑ የመጣው ዘይት ሥራ ሳይሠራ ወደ ጋኑ ይመለሳል፤ ወደ አንዱ ወገን ሲገፋ መመለሻው ተዘግቶ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ሲሊንደሩ አልገፋ ካለ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ቱቦ እንዳይፈነዳ፣ በሞላ የተያዘ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ በተወሰነ ልክ ይከፈትና ዘይቱን ያሳልፋል። ይህ ልክ በአብዛኞቹ የእርሻ ትራክተሮች ከ150 እስከ 200 ባር ባለው መካከል ይገኛል።

ሚንስክ ውስጥ የተሠራውና በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተቋቋመው ፋብሪካ ይገጣጠም የነበረው የቤላሩስ ትራክተር፣ ሦስት ስፑሎች ያሉት አከፋፋይ አለው። ከማንሣት፣ ከማውረድና ከመሐል ሌላ አራተኛ ቦታም አለው፤ ስሙ ተንሳፋፊ ሲሆን፣ ማረሻው የመሬቱን ወጣ ገባ ተከትሎ እንዲሄድ ዘይቱን በሁለቱም በኩል ነጻ ይለቀዋል። ማንሻው ሳይታወቅ እዚህ ቦታ ላይ ቀርቶ «ቫልቩ አልይዝ አለ» ተብሎ ለመፈታት መዘጋጀት ያልተለመደ ነገር አይደለም። በዚሁ አከፋፋይ ላይ ማረሻው ተነሥቶ ሲያበቃ ማንሻው በራሱ ወደ መሐል ይመለሳል፤ የሚያስመልሰውም የግፊቱ መጨመር ነው። የግንድ መፍለጫም እንዲሁ ነው፤ ሽብልቁ ወደ ኋላ ተመልሶ ጫፍ ሲደርስ ማንሻው ቀጭ ብሎ ይለቃል። ማንሻው የሚመለስበት የግፊት ልክ ከመልቀቂያው ቫልቭ ልክ በልጦ ከተገኘ ግን ማንሻው መቼም አይመለስም፤ መልቀቂያው ቀድሞ ይከፈትና ዘይቱ እየጮኸ ሲግል ይውላል። በተቃራኒው ማንሻው መንገድ ላይ የሚለቅ ከሆነ የሚመለስበት ልክ አንሶ ተስተካክሏል፣ ወይም ዘይቱ ገና አልሞቀምና ወፍሮ ግፊት ፈጥሯል ማለት ነው።

የችግር ፍለጋው ከቫልቩ መጀመር የለበትም፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም በዚህ ስሕተት ነው። ሁሉም ነገር ጉልበት ያጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው የዘይቱ ልክና መልክ ነው፦ ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ ገብቶበታል፣ አረፋ የሚደፍቅ ዘይት ደግሞ ፓምፑ በመሳቢያው መስመር አየር እየሳበ መሆኑን ያሳያል። ሲሊንደሩ ሄዶ አልመለስ ካለ ተጠያቂው ብዙ ጊዜ ቱቦውን ከትራክተሩ ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ ነው። በውስጡ ቱቦው ሲነቀል ዘይቱን የሚዘጋ ትንሽ ከልካይ ስላለው፣ እስከ መጨረሻው ካልተገፋ ዘይቱን በአንድ በኩል አሳልፎ በሌላው ያግዳል። አፉ ላይ የደረቀ ጭቃ ካለ በእጅ የተገፋ ይመስላል እንጂ አልገባም።

የተነሣ ተሳቢ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ጥያቄው ስፑሉ ነው ወይስ የሲሊንደሩ ጎሚኒ የሚል ነው። ዘይቱ በሁለቱም በኩል የሚገፋው ሲሊንደር ከሆነ መልሱ ያለ ብዙ ወጪ ይገኛል፦ ጭነቱ ተራግፎ፣ ሲሊንደሩ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ ሞተሩ ይጠፋና ግፊቱ ይለቀቃል፤ ከዚያም የመመለሻው ቱቦ ከሲሊንደሩ ይፈታል፣ የቱቦው ጫፍ ይደፈናል፣ ሞተሩ ተነሥቶ እንደገና ወደ መዘርጋት ይገፋል። ከተፈታው ቀዳዳ ዘይት ከፈሰሰ ጎሚኒው አልቋል፤ ምንም ካልፈሰሰ ጥርጣሬው ወደ ስፑሉ ይዞራል። ጠዋት ደኅና የነበረ ጉልበት እኩለ ቀን ላይ የሚከዳ ከሆነም ተጠርጣሪው ያው ስፑሉ ነው፤ የተለመደው 46 ቁጥር ዘይት ከ40 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ውፍረቱ ወደ ሩብ ገደማ ስለሚወርድ፣ ባለቀ ስፑል ዙሪያ ማምለጥ ይቀለዋል። ቆላ ላይ ከቀን ሙቀት ጋር ይህ ቶሎ ይገለጣል።

አንዳንድ ባለሙያ ጉልበት ባነሰ ቁጥር የግፊት መልቀቂያውን ብሎን ማጥበቅ ይቀናዋል፤ ይህ ግን ትኩሳት ያለበትን ሰው ሳይመረምሩ ኪኒን እንደመስጠት ነው። ከሞላው ሥር የገባች የብረት ቅንጣት ቫልቩን በከፊል ከፍታው ከሆነ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ጉልበቱ ለጥቂት ቀን የተመለሰ ይመስላል፤ ቅንጣቷ ስትወጣ ግን ግፊቱ ከልክ አልፎ ቱቦውን ወይም የቫልቩን አካል ይሰነጥቃል። ብሎኑ የሚነካው ማኖሜትር፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ ተገጥሞ ብቻ ነው። ለተጨማሪ መሣሪያ የተገጠመ ሁለተኛ ቫልቭም የራሱ ወጥመድ አለው፦ ዘይቱን ወደሚቀጥለው ቫልቭ የሚያሳልፍበት የተለየ መውጫ ሳይኖረው በመሐል ከተጣለ፣ ከእሱ በታች ያለው ሥራ ሲጀምር መመለሻው ላይ ያልታሰበ ግፊት ያርፍበትና የስፑሉ ጫፍ ዘይት መትፋት ይጀምራል። ጎሚኒ ቢቀየርለትም አይድንም።

ቀጭን የዘይት ፍንጣቂ የት እንዳለ በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ አይገባም። ጠብታ የሚመስለው ነገር ቆዳ በስቶ ወደ ሥጋ የሚገባ ስለሆነ የካርቶን ቁራጭ በሩቁ ይያዝለታል፤ ዘይት ሥጋ ውስጥ የገባበት ሰውም ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክል እንኳ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ቫልቩ መፈታቱ ካልቀረ፣ ደለሉ ደርቆ በነፋስ በሚነሣበት ሜዳ ሥራው በገላጣ ቦታ አይሆንም፤ ውጪው ብሎን ሳይላላ በፊት በነፍጣ ይታጠባል። እያንዳንዱ ስፑል ከራሱ ቀዳዳ ጋር የተሞረደ በመሆኑ ሦስቱ ተቀላቅለው መልሰው አይገጠሙም፤ ሲወጡም በተራ ምልክት ይደረግባቸዋል። በሸማ ቁራጭ መጥረግ ክር ይተዋል፣ አንድ ክር ደግሞ ለዚያ ክፍተት ብዙ ነው። ታጥቦ በንጹሕ ዘይት የተቀባው ስፑል ቀዳዳው ሽቅብ ተደርጎ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ መግባት አለበት፤ አጥብቀው ከገፉት በኋላ የሚገባ ከሆነ፣ ወይ ቆሻሻ ቀርቶበታል፣ ወይ የሳጥኑ ማሠሪያ ብሎኖች እኩል ባለመጥበቃቸው ቀዳዳው ተጣሟል።