ከእጅ አንጓ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጣት ለምን ይደነዝዛል?

በአጋርፋ የክረምት ጭቃ ያንሸራተተው ሰው እጁን ዘርግቶ ይወድቃል። ክብደቱ አንጓው ላይ ስለሚያርፍ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ጫፍ ነው። አጥንቱ ቦታውን በእጅጉ ከለቀቀ ሐኪሞች በብረትና በብሎን ያያይዙታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የጣት መደንዘዝ ብዙዎችን ያስጨንቃል። በአንጓው ጠባብ መተላለፊያ ከጅማቶች ጋር የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣት፣ ለመሃል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት የሚሰጠው እርሱ ነው። ስብራቱና እብጠቱ ሲጫኑት ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ጫናው ቀላል ከሆነ ስሜቱ በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል። የነርቩ ክር ከተጎዳ ግን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያድግ፣ ጣት ጫፍ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል። ስንዴ ዘርቶ አጨዳ ለሚጠብቅ ገበሬ ይህ እንግዳ ስሌት አይደለም።

አጥንቱ በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ይያያዛል፤ የመጨበጥ ኃይል ግን እስከ 1 ዓመት ሊዘገይ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅን ከልብ ከፍታ በላይ ማሳረፍ፣ ጣቶችንም በየዕለቱ ማጠፍና መዘርጋት እብጠቱን ያቀልላል። ሐኪም ሳይፈቅድ ግን እርፍ መጨበጥም ሆነ ኩንታል ማንሳት አይገባም።

ድንዛዜው ከባሰ፣ ሕመሙ በማስታገሻ ካልበረደ ወይም ጣቶቹ ከገረጡና ከጠቆሩ ሳይውል ሳያድር ወደ ሮቤ ወይም ወደ ጎባ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን እጅ ወጌሻ በቀርከሃ ጠብቆ ቢያስረው የደም ዝውውሩ ተቋርጦ እጁ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።