«ነበረብኝ» በእንግሊዝኛ፦ እንዴት ይሠራል?

አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ አንዲት እህት አለች እንበል። ሌሊት አንድ አዛውንት ከአልጋ ሲወርዱ ወደቁ። ወዲያው ነርሷን ጠራች፤ ነርሷም መጥታ አየቻቸው። ልጅቷ ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች። ጠዋት የሪፖርቱን ቅጽ ስትሞላ በልቧ ያለው «ነርሷን መጥራት ነበረብኝ» የሚል ነው፤ ግድ ስለሆነ ጠራሁ ማለቷ ነው። ይህንኑ «አይ ሹድ ሃቭ ኮልድ ዘ ነርስ» ብላ ከጻፈችው ግን ሱፐርቫይዘሯ የሚያነበው ሌላ ነገር ነው፦ መጥራት ሲገባኝ አልጠራሁም። ያላጠፋችውን ጥፋት በገዛ ፊርማዋ አመነች ማለት ነው። መጻፍ የነበረባት «አይ ሃድ ቱ ኮል ዘ ነርስ» ነው።

ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሁለቱም «መጥራት ነበረብኝ» ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ስህተቱ ከስንፍና የሚመጣ አይደለም፤ ጎበዝ ተማሪም ይሳሳተዋል። በሥራ ሪፖርት፣ በፍርድ ቤት ቃል ወይም በሐኪም ፊት ሲሆን ግን ዋጋ ያስከፍላል። ረጋ ብለን እንየው።

አንድ አማርኛ፣ ሁለት እንግሊዝኛ

በአማርኛ «መሄድ አለብኝ» የሚለውን ወደ ኃላፊ ጊዜ ለመውሰድ «አለ»ን በ«ነበረ» መተካት ይበቃል። «መሄድ ነበረብኝ» ስንል ግዴታው በእኔ ላይ እንደነበረ ተናገርን እንጂ መሄድ አለመሄዴን አልተናገርንም። «ታክሲ ስላጣሁ በእግሬ መሄድ ነበረብኝ» የሚል ሰው ሄዷል። «አባቴ ታሞ ሳለ አገር ቤት መሄድ ነበረብኝ» ብሎ የሚቆጭ ሰው አልሄደም። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የምንይዘው ከወሬው አካሄድና ከተናጋሪው ድምፅ ነው።

እንግሊዝኛ ይህን ለአድማጭ አይተውም። አፍህን ከመክፈትህ በፊት ሁለት ነገር እንድትወስን ያስገድድሃል፦ ግዴታው ነበረ ወይ? ደግሞስ ተፈጸመ ወይ? ግዴታው ከነበረና ከተፈጸመ «ሃድ ቱ» ትላለህ። መፈጸም ሲገባው ካልተፈጸመ «ሹድ ሃቭ» ትላለህ። በታክሲ እጦት በእግሩ የሄደው ሰው «አይ ሃድ ቱ ዎክ» ይላል፤ አባቱን ሳያይ የቀረው ደግሞ «አይ ሹድ ሃቭ ጎን ሆም»። «ኦት ቱ ሃቭ»ም ከ«ሹድ ሃቭ» ጋር አንድ ሥራ ይሠራል፤ በዕለት ንግግር ግን እምብዛም አይሰማም።

«መስት» ለምን ኃላፊ ጊዜ አጣ?

ብዙ ተማሪ ስለ «መስት»፣ ማለትም ስለ እንግሊዝኛው «አለብኝ»፣ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፦ «ጎ» ሲያልፍ «ዌንት» ከሆነ «መስት» ሲያልፍ ምን ይሆናል? መልሱ በታሪኩ ውስጥ አለ። «መስት» ራሱ ድሮ ኃላፊ ጊዜ ነበር። ከሺህ ዓመት በፊት ይነገር በነበረው እንግሊዝኛ «መፈቀድ፣ መቻል» የሚል ትርጉም የነበረው ግስ ነበር፤ የዛሬው «መስት» የዚያ ግስ የኃላፊ ጊዜ መልክ ነው። «ሹድ» የ«ሻል» ኃላፊ ጊዜ ነበር፤ ያ ግስ በጥንቱ «ዕዳ አለብኝ» ማለት ነበር። «ኦት»ም ዛሬ «ኦው» ከሚባለውና ዕዳን ከሚገልጸው ግስ የወጣ ኃላፊ ጊዜ ነው። ሦስቱም ከጊዜ ብዛት ለአሁን ጊዜ መዋል ጀመሩና ለትናንት የሚሆን መልክ ሳይኖራቸው ቀረ። የ«መስት» ዘመድ የሆነው የጀርመንኛው ግስ የኃላፊ ጊዜ መልኩን አላጣም፤ ጀርመኖች ዛሬም «ኢኽ ሙስተ» ብለው ያለፈ ግዴታን ይናገራሉ።

እንግሊዝኛ ክፍተቱን የሞላው በሁለት መንገድ ነው። ለ«መስት» ሌላ ግስ ተበደረ፤ «ሃቭ ቱ» በኃላፊ ጊዜ «ሃድ ቱ» ይሆናል። ለ«ሹድ» ደግሞ ያለፈውን ጊዜ ወደ ቀጣዩ ቃል አሻገረው። «ሹድ» ራሱ ስለማይለወጥ «ሃቭ» ከኋላው ይገባና ነገሩ ያለፈ መሆኑን ይሸከማል። ከዚያ የሚመጣው ግስ ትምህርት ቤት «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያልን ከሸመደድነው ዝርዝር ሦስተኛው ነው። «ሹድ ሃቭ ጎን» እንጂ «ሹድ ሃቭ ዌንት» አይደለም። ከ«ሃድ ቱ» በኋላ ደግሞ የሚመጣው የመጀመሪያው ነው፤ «ሃድ ቱ ጎ»። ጥያቄ ስናደርገው «ዲድ» ያለፈውን ጊዜ ስለሚወስድ «ሃድ» ወደ «ሃቭ» ይመለሳል፤ «ዲድ ዩ ሃቭ ቱ ጎ?» እንላለን።

ጆሮም መልመድ አለበት። ሰው ፈጥኖ ሲናገር «ሹድ ሃቭ» የሚሰማው «ሹዳቭ» ወይም «ሹዳ» ሆኖ ነው። ድምፁ እጅግ ስለሚያጥር በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች እንኳ «ሃቭ» በሚለው ፈንታ «ኦቭ» ብለው ሲጽፉ ይታያል። አንተ ሰዋስውን ከመጽሐፍ ስለተማርክ ይህን ስህተት ባትወርሰው ይሻላል።

«መስት ሃቭ» ግዴታ አይደለም

«ሹድ ሃቭ» ካለ «መስት ሃቭ»ም ያለፈ ግዴታ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። አይደለም። «ሂ መስት ሃቭ ሌፍት» ማለት «ሄዶ መሆን አለበት» ማለት ነው። በሩ ተቆልፏል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ መኪናው የለም፤ ከዚህ ተነሥተን የምንገምተው ነገር ነው። የእኛም «አለበት» እዚህ ቦታ እንዲሁ ለግምት ያገለግላል፤ ስለዚህ ነገሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። «መሄድ አለበት» ግዴታ ነው፤ «ሄዶ መሆን አለበት» ግምት ነው። ማለት የፈለግከውን «ሳይሄድ አይቀርም» ብለህ መተካት ከቻልክ ቦታው የ«መስት ሃቭ» ነው።

ከባዱ «አልነበረብህም» ነው

አሉታው ሲመጣ አንዱ አማርኛ ለአራት ይከፈላል። «መምጣት አልነበረብህም» የሚለውን እንውሰድ።

ስብሰባው በፈቃደኝነት ነበር፤ ብትመጣም ብትቀርም የሚጠይቅህ የለም። ይህ «ዩ ዲድንት ሃቭ ቱ ካም» ነው። መምጣት አለመምጣትህን አይናገርም።

መጣህ፤ ስብሰባው ግን ተሰርዞ ጠበቀህ። በከንቱ ለፋህ። ይህ «ዩ ኒድንት ሃቭ ካም» ነው። አሜሪካኖች ይህን ብዙም አይሉትም፤ ለዚህም «ዲድንት ሃቭ ቱ»ን ይጠቀማሉ። የብሪታንያን እንግሊዝኛ የሚከተል መማሪያና ፈተና ግን ይለያቸዋል።

ጉንፋን ይዞህ አራስ ልትጠይቅ መጣህ። መምጣትህ ጥፋት ነው፤ «ምነው በቀረህ!» የሚያሰኝ ነው። ይህ «ዩ ሹድንት ሃቭ ካም» ነው፤ ወቀሳ አለበት።

አራተኛው ክልከላ ነው፤ መምጣት አልተፈቀደልህም ነበር። «መስት ናት» ወደ ትናንት የሚወስደው መልክ ስለሌለው እዚህ የምንለው «ዩ ዌርንት አላውድ ቱ ካም» ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ርቀት ልብ በሉ። አንዱ ለለፋ ሰው ማዘን ነው፤ ሌላው መውቀስ። ምግብ ሠርታ ያመጣችልህን ጎረቤት «በከንቱ ተቸገርሽ» ልትል አስበህ የወቀሳውን ቃል በቁጣ ድምፅ ከተናገርክ ታስከፋታለህ። ቃሉ ወቀሳነቱን የሚተውበት አንድ ቦታ ግን አለ። ስጦታ ሲሰጣቸው ፈገግ ብለው «ኦ፣ ዩ ሹድንት ሃቭ!» የሚሉ ሰዎች ምስጋና ማቅረባቸው ነው። የእኛ «ምነው ተቸገርሽ!» ማለት ነው፤ ይህን ሰምቶ መደንገጥ አያስፈልግም።

ወደ አዎንታው ስንመለስ «ዋዝ ሰፖዝድ ቱ»ን ማንሳት ይገባል። ዕቅድ ወይም ቀጠሮ ነበረ፤ ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ አልሆነም። «ሰኞ ሥራ መጀመር ነበረብኝ፤ ወረቀቴ ስላልደረሰ ቀረ» ለማለት «አይ ዋዝ ሰፖዝድ ቱ ስታርት ኦን መንደይ» ይባላል። «ሹድ ሃቭ» ብትል ጥፋቱን ወደ ራስህ ታስጠጋዋለህ፤ ይህኛው ግን ቀጠሮው እንደነበረ ብቻ ይናገራል።

መጀመሪያ በአማርኛ ለየው

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። አማርኛ በ«ነበረብኝ» አንድ አድርጎ ቢጠቀልለውም ለመለየት የሚረዱ ሌሎች ቃላት አሉት። እንግሊዝኛውን ከመፈለግህ በፊት «ነበረብኝ»ን አውጣና በቦታው ሌላ ሞክር። «ግድ ሆነብኝና አደረግሁት» ከገጠመ «ሃድ ቱ» ነው። «ምነው ባደረግሁት» ከገጠመ «ሹድ ሃቭ» ነው። «ቀጠሮው እንዲያ ነበር» ከገጠመ «ዋዝ ሰፖዝድ ቱ» ነው። ለአሉታውም እንዲሁ፦ «ግዴታ የለብኝም ነበር»፣ «በከንቱ ለፋሁ»፣ «ምነው ባላደረግሁት»፣ «አልተፈቀደልኝም» የሚሉት አራቱን በር ይከፍታሉ።

ዛሬ ማታ ልጆች ባሉበት ትናንት ካለፈው ውሎ ሦስት ነገር አንሡ፤ ሳይወዱ በግድ ያደረጋችሁትን፣ ማድረግ ሲገባችሁ የቀራችሁበትን፣ አድርጋችሁት ትርፉ ድካም የሆነባችሁን። በአማርኛ ለዩና በእንግሊዝኛ ተናገሩት። እንግሊዝኛ የሚቀናቸው ልጆች ቃሉን ያርሙላችኋል፤ አማርኛው የሚከብዳቸውም ከእናንተ «ምነው በቀረሁ» ማለትን ይማራሉ።