መዝገብ የማይገለጥበት መጋዘን

ዲስኮቹ ሁሉ ደህና ነበሩ። የሞተው እነሱን የሚያዛቸው ካርድ ብቻ ነው። ያኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ግን ፋይሉን በሙሉ ያስቀመጠው በዚያ አንድ ውድ ሣጥን ውስጥ ስለነበር፣ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ሒሳብ ክፍል በየሰዓቱ ይደውላል፤ እኔም ስልክ ማንሳት አቆምኩ።

ሴፍ የተባለውን የፋይል ማከማቻ ሶፍትዌር ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሴጅ ዋይል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንታ ክሩዝ፣ ለዶክትሬቱ ሲማር የሠራው ነው፤ ጥናቱ የቀረበው በ2006 እ.ኤ.አ. ነበር።

ብልሃቱ ያለው ከሣጥኑ ሳይሆን ከሶፍትዌሩ ነው። ሰርቨሮቹም ዲስኮቹም ተራ ናቸው። ፋይሉ ብዙውን ጊዜ በ4 ሜጋባይት ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ በ3 የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣል። የት የት? እኔን የማረከኝ እዚህ ላይ ነው። መዝገብ ገልጦ የሚነግር መጋዘን ጠባቂ የለም። ፋይል ፈላጊው ኮምፒውተር ራሱ፣ ክረሽ በተባለ ቀመር፣ ከቁራጩ ስምና ከሰርቨሮቹ ካርታ ቦታውን አስልቶ በቀጥታ ይሄዳል። የፋይሉን ስም፣ ፎልደሩንና ፈቃዱን የሚይዙ ሰርቨሮች ለብቻቸው አሉ፤ ይዘቱ ግን በእነሱ በኩል አያልፍም። አንድ ሰርቨር ቢወድቅ ካርታው ይታደሳል፤ የቀሩትም ከተረፉት ቅጂዎች እየገለበጡ የጎደለውን ይሞላሉ።

ሶፍትዌሩ በነጻ ይወርዳል፤ 3 ቅጂ ግን 3 እጥፍ ዲስክ ይበላል፣ ኔትወርኩ ካልፈጠነም ሁሉም ያዘግማል። ደግሞ ይህ ባክአፕ አይደለም፦ አንድ ሰው በስህተት ፋይል ቢያጠፋ ከሦስቱም ይጠፋል። ይህን ለአለቃዬ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።