ዘጠኙ የገባለት ትኬት

የሚኒባሳችን ጎማ ጫጫ ላይ ተነፈሰ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚያልፍ መንገደኛ ጫጫን በመስኮት አይቷት ነው የሚሄደው፤ ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ እዚያው አጠገቧ መሆኗም ብዙ ሰው ትዝ አይለውም። እኛ ግን ወረድን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ረዳቱ ከክሪኩ ጋር ሲታገል እኔ አስፋልት ዳር ካለች ሻይ ቤት ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ጋቢ የደረበ ወጣት ስልኩን ከሻይ ብርጭቆው አስደግፎ ኳስ ያያል። የባከነ ሰዓት ላይ አንዱ ቡድን ጎል ተቆጠረበት። ወጣቱ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀ።

«ይዩልኝ ጋሼ!» ብሎ ጣት የምታህል ትኬት ዘረጋልኝ። አሥር ጨዋታ፣ በ20 ብር። «ዘጠኙ ገብቷል። ይቺ አንዷ ናት ያበላሸችብኝ። ለጥቂት እኮ ነው!»

«ተበላህ ማለት ነው?» አልኩት። የኳስ ውርርድ (ቤቲንግ) ቤቶችን ቋንቋ የማውቀው እስከዚህ ነው።

«ኧረ ምን ተበላሁ! ደርሼ ተመለስኩ እንጂ።»

ትኬቱን ቀዶ አልጣለውም። ሁለት ቦታ አጠፈና ኪስ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ቦርሳው ጢም ብሏል፤ ያበጠው ግን በብር አልነበረም፣ በወረቀት ነው። ጎማው ተቀይሮ ሹፌሩ ክላክስ ሲያደርግ እኔ አሁንም የዚያ ልጅ ሳቅ ላይ ነበርኩ። 20 ብር የተበላ ሰው ምን ያስቀዋል?

ለእንዲህ ያለው ነገር የኛ አገር ሰው ቃል አላጣም፤ «ልክፍት ነው» ይላል። ሳይንሱም ለረጅም ጊዜ ከዚያ ብዙም አልራቀም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው መመሪያ ቁማርተኛውን መዝገብ ላይ ያሰፈረው ሳያስፈልገው ከሚሰርቀውና እሳት መለኮስ ከሚያምረው ጎን ነበር፤ ራሱን መግታት ያቃተው ሰው ተብሎ። በ2013 በወጣው አዲሱ መመሪያ ግን ቁማር ከዚያ ምዕራፍ ተነሥቶ ከአልኮልና ከሄሮይን ጋር በሱስ ምዕራፍ ተቀመጠ። ምንም ያልዋጠ፣ ምንም ያላጨሰ ሰው እንዴት ከሄሮይን ተጠቃሚ ጎን ሊሰለፍ ቻለ? የነገሩ ጫፍ የተያዘው ቁማር ፈጽሞ ባልታሰበበት ቦታ ነው።

በ1930ዎቹ ቢ.ኤፍ. ስኪነር የተባለ ወጣት ተመራማሪ ሐርቫርድ ውስጥ አይጦችን ዘንግ እንዲጫኑ ያለማምድ ነበር። በተጫኑ ቁጥር አንዲት የምግብ እንክብል ይወርድላቸዋል። እንክብሉን በእጁ የሚሠራው ራሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢያይ የቀረችው ክምችት ሰኞ ረፋድ ላይ ታልቃለች። ቅዳሜውን እንክብል ሲጠፈጥፍ ማምሸት ግን አላሰኘውም። ስለዚህ በየጭነቱ መስጠቱን ትቶ በደቂቃ አንዴ ብቻ መስጠት ጀመረ። አይጦቹ አላኮረፉም፤ መጫናቸውን ቀጠሉ። እሱና ባልደረባው ፈርስተር በ1957 ባሳተሙት ወፍራም መጽሐፍ የቁጠባው ነገር የት እንዳደረሳቸው ይታያል፤ ሽልማቱ በስንተኛው ሙከራ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሲቀር እንስሳው ከሁሉ በላይ ይተጋል፣ መስጠቱ ጨርሶ ከተቋረጠ በኋላም ቶሎ አይተውም። አንድ ሰነፍ ቅዳሜ ለዓለም ያበረከተው ቀላል አይደለም እላለሁ።

ስኪነር ግን ጭንቅላት ውስጥ አልገባም፤ መግባትም አልፈለገም። የገባው የነርቭ ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትዝ ነው። ስዊዘርላንድ፣ ፍሪቡርግ ውስጥ በጦጣዎች አንጎል ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳትን አንድ በአንድ ያዳምጥ ነበር። ሳይታሰብ የጭማቂ ጠብታ ሲመጣ ሕዋሱ ይንጫጫል። ከጠብታው በፊት መብራት እየበራ ጦጣው ሲለምድ ግን የሚንጫጫው ለመብራቱ ሆነ፤ ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ዝም። ደስታ ይሸከማል የተባለው ኬሚካል ለካ የሚቆጥረው በተጠበቀውና በመጣው መካከል ያለውን ልዩነት ኖሯል። በ2003 ሹልትዝና ባልደረቦቹ አንድ እርምጃ ጨመሩ። ጠብታው የመምጣቱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ሲሆን፣ ማለትም ጦጣው ምንም መገመት በማይችልበት ጊዜ፣ ሕዋሳቱ ከመብራቱ እስከ ውጤቱ ባለው ጊዜ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ እየጋሉ ሄዱ። ዘጠና ደቂቃ ስልክ ላይ አፍጥጦ መቀመጥ የሚባለው ይህ ነው።

እስከዚህ ያለው ሁሉ እንስሳ ነው። ሰው የገባበት በሌላ በር፣ በፓርኪንሰን ሕመምተኞች በኩል ነበር። ፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት እየሞቱ የሚመጣ የመንቀጥቀጥ ሕመም ስለሆነ መድኃኒቱ የጎደለውን ዶፓሚን የሚተካ ወይም የሚመስል ነው። አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ውስጥ በመሐመድ አሊ ስም የሚጠራው የፓርኪንሰን ማዕከል ሐኪሞች የ1,884 ሕመምተኞችን መዝገብ አገላበጡ። ከመካከላቸው 9ኙ ኑሯቸውን እስኪያናጋ ቁማር ተጣብቷቸዋል። 8ቱ የሚወስዱት መድኃኒት አንድ ዓይነት ነው፤ ዶፓሚንን የሚመስለው ፕራሚፔክሶል። ይህ በ2003 ታተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች 11 ሌሎችን ይዘው መጡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ቁማሩም ቆመ።

እኔ እዚህ ላይ ቆሜ አስባለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ሎተሪ እንኳ ቆርጦ የማያውቅ ሽማግሌ ክኒን ውጦ ቁማርተኛ ከሆነ፣ ክኒኑን ትቶ ከዳነ፣ ስለ ስንፍናና ስለ ምግባር ያደረግነው ስብከት ሁሉ ምን ይሆናል?

«ሱስ» የሚለው ቃል ግን እንደ ጋቢ በሁሉም ላይ እንዲደረብ አልፈልግም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጠንቶ በ2021 በታተመ ጽሑፍ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙት ተማሪዎች 85 በመቶው የኢንተርኔት ሱስ እንዳለባቸው ተገልጿል። መጠይቅ ተሞልቶ ነጥብ የተደመረ ነው። መቶ ሰው ተቆጥሮ ሰማንያ አምስቱ ሱሰኛ ከተባለ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው መለኪያውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የጌም ሱስን በዝርዝሩ ሲያስገባ ሐኪሙ በተለምዶ የ12 ወር ጉዳት እንዲያይ አዝዟል፤ ጥንቃቄው ተገቢ ነው።

የጫጫው ልጅ ሳቅ ግን እስካሁን አልተፈታም። መልሱ የመጣው ከካምብሪጅ ነው። ሉክ ክላርክና ባልደረቦቹ በ2009 አሥራ አምስት ፈቃደኞችን ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝተው ሁለት መንኮራኩር ያለው የቁማር ጨዋታ አጫወቷቸው። ምስሎቹ ከገጠሙ 50 የእንግሊዝ ፔንስ ያገኛሉ። አንዳንዴ ምስሉ ከመሥመሩ አንድ እርከን ብቻ ስቶ ይቆማል፤ ለጥቂት! ገንዘቡ ያው ዜሮ ነው። አንጎላቸው ውስጥ ግን ሲያሸንፉ የሚበራው ክፍል በራ። ተጫዋቾች ስሜታቸው ሲጠየቅ ለጥቂት መሳት ከተራ ሽንፈት ይልቅ ያናድዳል አሉ፤ እንደገና ለመጫወት ያላቸው ፍላጎት ግን ጨመረ። የጨመረውም ምስሉን ራሳቸው በመረጡበት ዙር ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲመርጥላቸው እንዲያ አልሆነም። የኳስ ትኬት ላይ ደግሞ መራጩ ማነው? ልጁ ራሱ ነው፤ አሥሩንም።

ከደብረ ብርሃን ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እስክሪብቶ አወጣሁ። እያንዳንዱ ጨዋታ እንደ ሳንቲም ውርወራ ግማሽ በግማሽ ነው እንበል። አሥሩም የሚገባበት መንገድ ከ1,024 አንድ ብቻ ነው። ዘጠኙ ገብቶ አንዱ የሚበላሽበት መንገድ ግን አሥር ነው፤ የሚያበላሸው አንደኛውም፣ ሁለተኛውም፣ አሥረኛውም ሊሆን ይችላላ። ለአንድ ድል አሥር «ለጥቂት»። ማንም ማሽኑን ማጭበርበር አያስፈልገውም፤ አሥር ጨዋታ ባንድ ትኬት ማሰር ይበቃል።

ጫጫ ስንደርስ ጨልሟል። በመስኮት ሻይ ቤቷን ፈለግኳት፤ የስልክ ብርሃን የሚያበራቸው ሦስት አራት ፊቶች ታዩኝ። ያ ኪስ ቦርሳ ለምን እንዳበጠ አሁን ገብቶኛል።